የሰብሌ ተመስገን

ካሳነሽ በሰው ከብት፣ በሰው ቤት ቀንታ አታውቅም። ይህን ጠላቷም ይመሰክርላታል። የቀናችው በአንዲት ቃል ነው።

ቃሏ «ተመስገን» ናት። ኮልፌ ውስጥ ይህችን ቃል የማይል ሰው የለም። እንደምን አደርሽ ሲሏት ተመስገን፣ እንደምን ዋልክ ሲሉት ተመስገን፤ አንዳንዱማ ሲያዛጋ ሁሉ ከአፉ ትወድቅበታለች። የጎረቤቷ የሰብሌ ተመስገን ግን ሌላ ነበረች። ሰብሌ ስትላት የሰማ ሰው ምን አግኝታ ይሆን ብሎ ዘወር ብሎ ያያታል። ያገኘችው ነገር አልነበረም። ያጣችው ግን ብዙ ነው።

በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የካቲት ላይ ጣልያን ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን ሲያነድና ሰው ሲፈጅ፣ የሰብሌ ቤት ከነጎተራው ነደደ። ባሏ ሀብተሥላሴና የካሳነሽ ባል መሸሻ የንግድ በቅሎዎቻቸውን እየነዱ ከአስኮ በኩል ሲመጡ አብረው ተያዙ፤ ባንድ ገመድ ታስረው ተነዱ። መሸሻ ቀኝ እጁ በጠመንጃ ሰደፍ ተቀጥቅጦ፣ ስምንት ወር መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ሲያግዝ ከርሞ ተለቀቀ። ሀብተሥላሴን ግን በካሚዮን ጭነው ደናኔ ወሰዱት። ሱማሌ ምድር ያለ የግዞት ቦታ ነው ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። በዚያው ክረምት ደግሞ ሰብሌን የሦስት ዓመት ልጇን ትኩሳት ነጠቃት።

ተመስገን የምትለው እንግዲህ ይህችው ሴት ናት። ቤቷ በነደደ ማግስት ከአመዱ ውስጥ የወፍጮ ድንጋይዋን ስታወጣ፣ «ድንጋይ አይነድም። ተመስገን፣ ወፍጮዬን ተወልኝ» አለች። ልጇ በሞተች ጊዜ ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው አንገቱን ደፍቶ ሳለ፣ እንባዋ እየወረደ፣ «የስንቷ እናት ልጅ እሳት ውስጥ ቀርቷል። የኔዋ እቅፌ ላይ ሆና፣ ዓይኔን እያየች ነው የሄደችው። ተመስገን» አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። ካሳነሽም አለቀሰች፤ የሷ እንባ መንገዱ ግን ሌላ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ አልወለደችም። የምታለቅስለት እንኳን የራሷ የላትም። ይህቺ ሴት በኀዘኗም በለጠችኝ ስትል አሰበች። እንዲህ ማሰቧ ራሷን አስደነገጣት፤ አሰበችው ግን።

ሁለቱም የሚተዳደሩት በፈትል ነው። ጥጡን አባዝተው፣ በእንዝርት ፈትለው፣ ልቃቂቱን ጣልያን በከፈተው በአዲሱ መርካቶ ለሸማኔ ይሸጣሉ። በቀጭን ፈታይነት ካሳነሽን የሚስተካከላት ከቀራንዮ እስከ አስኮ አልነበረም። ክሯ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ ቋጠሮ አያውቅም። የሰብሌ ደግሞ ቋጠሮ በቋጠሮ ነው፤ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ አንዱ ጋ ይሰልላል። ሆኖም ሸማኔዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ሰብሌ ዘንድ ነው።

«ፈትሉን ነው የሚገዙት ወይስ ምርቃቱን?» አለች ካሳነሽ አንድ ቀን፣ ቅቤዋን ይዛ አጠገባቸው ለምትቀመጠው ለዘሀራ። ዘሀራ የሰፈራቸው ሴት ናት፤ ምላሷ ሚጥሚጣ ነው።

«አንቺን ይፈሩሻላ» አለች ዘሀራ። «ክርሽን ጎተት ሲያደርጉት ዓይንሽ አብሮ ይጎተታል። እሷ ቋጠሮውን ራሷ አሳይታቸው ትስቃለች።»

«ድህነቷን ነው የምትሸጠው።»

«እሱንማ እኛም ይዘን ተቀምጠናል፤ ማን ገዛን?»

ይህን ሁሉ ካሳነሽ ችላው ነበር። ያልቻለችው የመሸሻን ሳቅ ነው።

መሸሻ ከእስር ከተመለሰ ወዲህ ሳቅ የሚባል ነገር ረስቷል። ደጃፍ ላይ ጎበጥ ብሎ ይቀመጣል። የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም፤ ጭነት ማሰር ስለማይችል ንግዱም ቀርቷል። ካሳነሽ እጁን ባየች ቁጥር «ይሄን እጅ ምን ልናደርገው ነው?» ትላለች። በክፋት አይደለም፤ ስለሚጨንቃት ነው። እሱም እጁን ጋቢው ውስጥ ይከታል። በሰላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ ግን፣ ካሳነሽ ከምንጭ ውሃ ተሸክማ ስትመለስ፣ ከሰብሌ አጥር ወዲያ የወንድ ሳቅ ሰማች። ሳቁን አወቀችው። በሙሽርነቷ ጊዜ የምታውቀው፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው።

መሸሻ በግራ እጁ የሰብሌን አጥር ያጥራል። ሰብሌ እንዝርቷን እያሾረች ሥራውን ታያለች።

«ይሄ ቋጠሮ በግ አይዝም፣ ጋሼ መሸሻ» ትለዋለች።

«በጉ የት አለና?»

«የለኝማ። ተመስገን፤ ቢኖረኝ በዚህ አጥር ሾልኮ ይጠፋ ነበር።»

እንደገና ሳቀ።

ካሳነሽ እንስራው ማዘንበሉን ያወቀችው ውሃው ጀርባዋን ሲያርሰው ነው። ነውር ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ነውር ቢሆን እንደውም ይሻላት ነበር፤ ነውር ለሽማግሌ ይነገራል። «ባሌ እሷ ቤት ሳቀ» ተብሎ ለማን ይከሰሳል? ቤቷ ገብታ ያን ቀን ስትፈትል ክሯ ተበጠሰ፤ ቀጠለችው፤ ደግሞ ተበጠሰ። ቀጭኗ ፈታይ በዚያን ቀን ልቃቂቷ ላይ ቋጠሮ አገኘች።

ከዚህ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ ወሬው መጣ። ገረሱ የሚባል የአስኮ ሰው አጥንቱ ቆዳ ለብሶ ከደናኔ ተፈትቶ ገባ። የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ዱባለ ዘንድ በድብቅ ሄዶ ነገራቸው፤ ሀብተሥላሴ ከሞተ አምስት ወር አልፎታል። የገደለው ንዳድ ነው። ከቀበሩት ሰዎች አንዱ ገረሱ ራሱ ነበር።

መርዶ ደግሞ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። ዘመድ ይጠራል፣ አፈ ለስላሳ ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ከመኝታው ሳይነሳ፣ ተሰብስበው ሄደው ቀስ አድርገው ያረዳሉ። ሐዘንተኛው የሚወድቅበት ክንድ ቀድሞ ይዘጋጃል። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ አላወቀም ይሆናል። ሰብሌ ያላት የሥጋ ዘመድ ከወሊሶ ማዶ የሚኖር ወንድሟ ሰብስቤ ብቻ ነው። እሱም ለመምጣት ከጣልያን ሹም የይለፍ ወረቀት ማውጣት አለበት፤ ያ ደግሞ ዘጠኝም አሥርም ቀን ይፈጃል።

አቶ ዱባለ ካሳነሽን አስጠርተው ነገሩን ነገሯት።

«የአጥር ጎረቤቷ አንቺ ነሽ» አሏት። «ሰብስቤ እስኪደርስ መርካቶ እንዳትሄድብን፤ የገረሱን መምጣት የሰማ ሰው እዚያ አይጠፋም። ጠዋት ማታ አጠገቧ ሁኚ። ጥጥ አባዢላት፣ ውሃ ቅጂላት፣ ብቻ አትለያት።»

«ሌላ ሰው አይሻልም፣ አቶ ዱባለ?»

«ካንቺ ወዲያ ማን አላት?»

ካሳነሽ እሺ ብላ ወጣች። መንገድ ላይ ለሀብተሥላሴ አለቀሰችለት፤ እውነቷን ነው፣ የመሸሻ ሚዜ ነበር፣ ደግ ሰው። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ግን ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቀና ብሎ ቆመ። ይህ ምስጢር ሰብሌ የሌላት፣ እሷ ያላት የመጀመሪያው ነገር መሰላት።

ሰባት ቀን አብረው ፈተሉ። ጠዋት ጠዋት ሰብሌ ፀሐዩ ላይ ቁርበት ታነጥፍና ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

«ተመስገን፣ ዛሬ ንፋስ የለም፤ ጥጡ አይበተንብንም» ትላለች ሰብሌ።

በይ፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረሽ፣ ትላለች ካሳነሽ በልቧ።

«ተመስገን፣ ጎመኑ ያዘልኝ።»

በይ፣ በይ። ወንድምሽ ይምጣና እንሰማሻለን።

መርካቶ ልሂድ ስትላት፣ «እግሬን አሞኛል፣ ነገ አብረን እንሄዳለን» እያለች ታስቀራታለች። ሰብሌ ታዲያ አመመኝ ያለቻትን እግር ቅቤ ቀብታ ታሽላታለች። ካሳነሽ ያላመማትን እግሯን ዘርግታ፣ የምታሸውን እጅ እያየች ጥርሷን ትነክሳለች። ማታ ቤቷ ገብታ ማተቧን ይዛ መድኃኔዓለምን ይቅር በለኝ ትለዋለች፤ ሲነጋ ያው ናት። ሰብሌ እንድትወድቅ ፈልጋ አልነበረም፤ ቃሏ ብቻ እንድትወድቅ ነው። ቃሉን ከሴትዮዋ ነጥሎ መጣል እንደማይቻል አላሰበችም።

በስምንተኛው ቀን ሰብሌ ቆሎ አቅርባ እየቆረጠሙ ሲፈትሉ፣ ድንገት ሳቅ አለች።

«ካስዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። አትቀየሚኝም?»

«ምን?»

«ድሮ የምትጠይኝ ይመስለኝ ነበር።»

ካሳነሽ እንዝርቷን አቆመች።

«ሰሞኑን ግን ሥራሽን ጥለሽ፣ ባልሽን ትተሽ እኔ ጋ ስትውዪ ሳይ አፈርኩ» አለች ሰብሌ። «ትናንት ማታ ስጸልይ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ካሳነሽን ስለሰጠኸኝ ተመስገን አልኩት። እህት የለኝም እያልኩ ሳማርረው፣ እህቴን ካጥሬ ወዲያ አስቀምጦልኝ ኖሯል።»

ሰድባት ቢሆን፣ ወይም መትታት፣ ካሳነሽ መመለሻ ነበራት። ለዚህ ግን ምን ይመለሳል? እነዚያ ስምንት ቀናት፣ ያ የሐሰት እግር፣ ያ «ጥቂት ቀን ቀረሽ» ሁሉ ባንድ ጊዜ መጥቶ ፊቷ ተደቀነ።

«ተዪኝ» አለች። «በኔ አታመስግኚ።»

«ምነው፣ ምን ሆነሻል?»

«በምኑ ነው የምታመሰግኚው? ቁጭ ብለሽ ተመስገን፣ ተመስገን ትያለሽ። ባልሽ ሞቷል እኮ። አምስት ወሩ ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የካሳነሽ ግን ማምለጥ አልነበረም። ቃሉ ከሆዷ ተነስቶ ሲመጣ አይታዋለች፤ ልትይዘው ትችል ነበር።

ሰብሌ አልጮኸችም። አንድ ዕቃ የረሳች ይመስል ተነሳች፤ ወደ ቤቷ ሁለት እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ወደቀች። ክንድ አልተዘጋጀላትምና የተቀበላት መሬት ነው። ጩኸቱ ከዚያ በኋላ መጣ፤ የኮልፌን ዳገት ወጥቶ ወረደ።

ካሳነሽ ልታነሳት ጎንበስ አለችና እጇን መለሰችው። ደርሳ ያቀፈቻት ዘሀራ ናት፤ ቅቤ የነካ እጇን እንኳን ሳትጠርግ። ወዲያው ሰው ሞላ። አቶ ዱባለ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመው ነገሩን ሰሙ። ወደ ካሳነሽ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መርዶ ነው ያረዳሽ ወይስ ድንጋይ ነው የወረወርሽ?» አሏት። ሰብስቤ በማግስቱ ማታ ሲደርስ እህቱን ደረቷን ስትመታ አገኛት።

ካሳነሽ የተመኘችውን አገኘች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰብሌ ተመስገን አላለችም። እንደምን አደርሽ ሲሏት «አለሁ» ትላለች፤ እሱንም ተጠይቃ ተጠይቃ ነው። ሰው ለቅሶ ደርሶ ሲወጣ የሆነ ነገር እንደ ጠበቀና እንዳላገኘ ደጃፉ ላይ ትንሽ ይቆማል። መርካቶ ላይ ሸማኔዎቹ አሁን ቀጥ ብለው ካሳነሽ ዘንድ መጡ። ፈትሏን አገላብጠው አዩ፣ አወደሱ፣ ገዙ። ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስታው አልመጣም።

መሸሻም አጥሩን እንደ ጀመረው ትቶት ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። አንድ ጠዋት ሰላሳ ያህል ቀን ካለፈ በኋላ ቀና ብሎ ካሳነሽን አያት።

«እኔ እዚያ ቤት የምሄደው ለምን ይመስልሻል?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«የተፈታሁ ዕለት መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ጋ ነው። ካንድ ገመድ እኔ ተፈትቼ ባልሽ ቀረ ልላት። ፊቷን ማየት አፍሬ ቆሜ ሳለሁ ይሄን እጄን ያዘችና፣ አንተ እንኳን ተረፍክልን፣ ተመስገን፣ አለችኝ። ያን ቃል ካንቺ ስጠብቅ ይኸው ዓመት አለፈኝ።»

«ታዲያ እኔ ምን አልኩህ?» አለች ካሳነሽ።

«በቅሎዎቹስ አልሽኝ።»

ካሳነሽ አስታወሰችው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ገጽታው ተለውጦ፣ እሷ ደግሞ ከኋላው በቅሎዎቹን ስትፈልግ። ደንግጬ ነው፣ ጨንቆኝ ነው ልትለው ብላ ተወችው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰብሌ ባሏን የወሰደችባት ይመስላት ነበር። ሰብሌ የሰጠችው ለካ እሷው የነፈገችውን ነው።

በማግስቱ እንስራዋን ሞልታ የሰብሌ ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። በአራተኛው ቀን በሩ ተከፈተ።

«ግቢ» አለች ሰብሌ። ጥቁር ለብሳለች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል።

ካሳነሽ ገብታ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። «ይቅር በይኝ።»

«ገና ነኝ» አለች ሰብሌ። «ይቅር ብያለሁ ብልሽ ውሸት ነው። ባሌን፣ ሀብቴን፣ አስቤ ላለቅስ እጀምርና አንቺ ትመጪብኛለሽ፤ ለቅሶዬን ታበላሺብኛለሽ።»

«ቀንቼብሽ ነው።»

«በምኔ?» ሰብሌ የጠየቀችው ከልቧ ነው። ባዶ ቤቷን ዞር ብላ አየች። ወፍጮዋና ቁርበቷ ብቻ ናቸው ያሉት።

«በተመስገንሽ።»

ሰብሌ ቁርበቷ ላይ ተቀመጠች።

«የሚቀለኝ መስሎሽ ነበር?» አለች። «ካስዬ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ብዬው አላውቅም እኮ። ልጄ የሞተች ሰሞን እግዜርን ልረግመው ሁሉ ይቃጣኝ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ምንም ትሁን። ወፍጮ፣ ጎመን፣ ንፋስ አለመኖሩን። እሷን እንደ ቀሚሱ ጫፍ ይዤ አጠገቡ አድራለሁ፤ ከለቀቅኩ ከሱ የምርቅ ይመስለኛል። እናንተ የምትሰሙት ያገኘሁ ቀን ነው። ስፈልግ አታዩኝም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ጠፋብኝ። ስፈልግ ወሩ አለፈ።» እጇን ጭኗ ላይ ዘረጋች። «ዛሬ አንቺ በይልኝ።»

«እኔ?»

«አንቺ። አፍ እንዳለሽማ አይቻለሁ።»

ካሳነሽ እንዲህ ያለ ነገር ፈልጋ አታውቅም፤ ከየት እንደሚጀመር እንኳን አታውቅም። ዓይኗ ቤቱን ዞረ፣ በበሩ ወጣ። እዚያ በጅምር ከቀረው አጥር አጠገብ መሸሻ ቆሟል፤ ተከትሏት መምጣቱን አላወቀችም ነበር። የገመዱን አንድ ጫፍ በጥርሱ፣ ሌላውን በግራ እጁ ይዞ ይጎትታል።

«መሸሻ» አለች። «መሸሻ ስለተረፈልኝ ተመስገን።»

የገመዱ ጫፍ ከመሸሻ አፍ ወደቀ።

ሰብሌ ዓይኗን ጨፈነች። የሷው አልተረፈም። ከዚያው ገመድ የሷው ነው የቀረው። ካሳነሽ ያለችውን ምነው በዋጥኩት ብላ ሳትጨርስ፣ ሰብሌ ልክ ከባድ ነገር ከመሬት እንደሚያነሳ ሰው፣ «አሜን» አለች።

ካሳነሽ ወጥታ የወደቀውን ጫፍ አነሳች። እሷ ስትይዝለት መሸሻ ቋጠረ።

ቅናቷ ያን ቀን ለቀቃት ማለት ግን አይቻልም። በፋሲካ ሰሞን ሰብሌ ልቃቂቷን ይዛ መርካቶ ወጣች። አንድ ሸማኔ ፈትሏን ሲያገላብጥ ቋጠሮውን አሳየችውና፣ በቀጭን ድምፅ፣ እንደ ተበደረች ሁሉ እየፈራች፣ «ሀብቴን የቀበረው የሚያውቀው ሰው ነው። ተመስገን» አለች። ሸማኔው ቁጭ አለላት። ሌላውም መጣ። ካሳነሽ እንደ ሸረሪት ድር የሆነውን ፈትሏን እንደያዘች ብቻዋን ቀረች።

ዘሀራ ከቅቤዋ ቀና ብላ፣ «አሁንስ ምን ትያለሽ?» አለቻት።

«አሜን እላለሁ» አለች ካሳነሽ። ትንሽ ቆየችና፣ «ዓይኔ ቢቀላም» አለች።